ትሬድሚል ወይስ ብስክሌት? ለድሬ ሙቀት የቱ ይሻላል?

ትሬድሚሉንም (የመሮጫ ማሽኑን)፣ ቆሞ ባለበት ፔዳሉ የሚመታውን የስፖርት ብስክሌትም ቤቴ አስገብቼ ሞክሬያለሁ፤ ድሬዳዋ ለምትኖሩ ብስክሌቱን ግዙ እላለሁ። ትሬድሚሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሩጫው ደስ ይላል፣ እግር ክብደት ስለሚሸከም ለአጥንትም ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ቀጥ ይላል፣ የሰፈሬ የሳቢያን አቧራ ደግሞ መሮጫው ስር እየገባ ያስቸግራል፣ ቶሎ ቶሎ መጥረግና የሲሊኮን ዘይት መቀባት የግድ ነው። ከስር ያሉት ጎረቤቴም ድምፁ እንቅልፍ ነሳቸው።

ብስክሌቱ ላይ ፔዳሉን የሚያከብደው ማግኔት ስለሆነ መብራት አልፈለገም፣ ድምፅም የለው። ጉልበቴንም አላመመኝም። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በረንዳ ላይ አውጥቼ 30 ደቂቃ እነዳለሁ፤ ላቤ ከክርኔ ጠብ ጠብ ይላል። መቀመጫው ግን ድንጋይ ነው፣ ስፖንጅ ደርቤበታለሁ። ከፍታውንም ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ እንዲል አድርጋችሁ አስተካክሉት።