ሰው ሰራሽ ጥርስ አድርጋችሁ ሃርሞኒካ ለምትነፉ፦ ከዚራ ያለውን ባለሙያ ሳታዩ ሃርሞኒካችሁን አትስጡ

ድሬ ውስጥ ሃርሞኒካ የምንነፋ፣ የምናስተምርና የተበላሸ የምንጠግን ሰዎች ነን። ይህን የምንጽፈው ከዚራ ሰው ሰራሽ ጥርስ ለሚሠራ አንድ ወንድማችን ምስጋና ስላለብን ነው። ስሙ አደባባይ እንዲወጣ ስላልወደደ ትተነዋል፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። እጁ ይባረክ፣ አላህም እግዜርም ይስጥልን።

ሌላ ቦታ የሚባለውን የደረሰበት ያውቀዋል። «ጥርሱ ለመብል ነው እንጂ ለሙዚቃ ነው እንዴ?» «በዚህ ዕድሜ ሃርሞኒካ ምን ያደርጋል?» ገንዘቡ በቅድሚያ፣ ልኬቱ በጥድፊያ፣ ጥርሱ ሳያልቅ በሰም ላይ ደርድሮ መሞከር የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ተመልሶ «አየር ስስብ ይወርዳል» ሲል መልሱ «ትለምደዋለህ» ነው፣ አለዚያም «ማጣበቂያ ግዛ»። በዚያ ማጣበቂያ የተደፈነ ስንቱን ሃርሞኒካ ፈተን አጸዳን! ቦታዎቹን አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ጥርስ የሚይዘው ላንቃ ላይ ባለ ስስ የምራቅ ሽፋንና ዙሪያውን አየር በማያስገባው ጠርዝ ነው። ሃርሞኒካው የፊት ጥርሶቹን ወደ ላይ ሲገፋቸው ኋላው ይወርዳል፣ አየር ይገባል፣ አለቀ። የታችኛው ደግሞ የሚለጠፍበት ላንቃ የለውም፤ ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭና ከንፈር ከውጭ ደግፈውት ነው የሚቀመጠው። ቤንድ ለማድረግ፣ ማለትም የአፍን ቅርጽ ለውጦ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ፣ ምላስ ወደ ኋላ ሲሸሽ ያ ድጋፍ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ 4ኛው ቀዳዳ ላይ ደህና የነበረ ሰው 2ኛና 3ኛው ቀዳዳ ላይ ቤንድ ሲያደርግ የሚቸገረው ሁልጊዜ ትንፋሽ አጥሮት አይደለም።

ይህ ባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥርሶቹ ገና በሰም ላይ ተደርድረው ሳሉ «ሃርሞኒካህን ይዘህ ና» ይላል። በሰም ሲሞከር በኃይል አይነፋም፣ ጥርስ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከንፈር ላይ አስቀምጦ አየሩን ቀስ ብሎ ማሳለፍ ብቻ ነው። እሱ ከጎን ሆኖ የከንፈሩን ማዕዘን ያያል። የፊት ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ከገቡ ከንፈር መደገፊያ ያጣል፣ አንዱን ቀዳዳ ለይቶ መያዝ ያቅታል፣ ሁለት ድምፅ አብሮ ይወጣል። ወደ ውጭ ከወጡ ደግሞ ከንፈር አልገጥም ይልና አየሩ በጎን ያፏጫል። ቁመታቸው ከበዛ የላይና የታቹ እየተጋጩ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ማይክ ፊት ይሄ ያሳፍራል።

አንድ አባት ጋ ያደረገውን ቆመን አይተናል። ጥርሳቸው አልቆ ተሰጥቷቸዋል፣ ግን ሲስቡ የላይኛው ይወርዳል። ሌላ ቢሆን እንደገና ልኬት፣ እንደገና ክፍያ። እሱ ሃርሞኒካውን እንደያዙ የላይኛውን ከንፈራቸውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ከንፈርንና ድድን መሃል ላይ የምታያይዘው ቀጭን ሥጋ፣ ከንፈራቸው ሲሞጠሞጥ ጠርዙን ወደ ታች እየገፋችው ነበር። በእርሳስ ምልክት አደረገ፣ ጥርሱን አውጥቶ እዚያችው ላይ ትንሽ ሞረደ፣ አለሰለሰ፣ መለሰ። የተነሳው ከጥፍር ቁራጭ አይበልጥም። አባት ሳቡ፤ ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። ለዚያ ደግሞ ሳንቲም አልጠየቀም! ስለ ፕላስቲኩ አሠራር ሲያስረዳን ግን ግማሹም አልገባንም፣ አናወራበትም።

እሱ የእጁን ሠርቶ ሲጨርስ የቀረው የነፊው ነው። ሃርሞኒካውን ጥርስ ላይ አትደግፉት፤ እርጥቡ የከንፈር ክፍል ላይ አሳርፉት እንጂ አትግፉት። የላይና የታች ጥርስ እንዳይነካካ መንጋጋ ላላ ይበል። መጀመሪያ አምስት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ድድ ከቆሰለ አቁሙና ለእሱ አሳዩት። በሲ (C) በተቃኘ ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ መሃሉን ያዙ፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ነው፦ 4 ንፉ፣ 4 ሳቡ፣ 5 ንፉ፣ 6 ንፉ፣ 6 ሳቡ፣ 7 ንፉ። ይሄው ሙሉ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፣ አንድም ቤንድ የለበትም። ታች ወርዳችሁ ትዝታን ከ1ኛው ቀዳዳ ከጀመራችሁ ግን ላ የምትባለው ድምፅ የምትገኘው 3ኛውን ስቦ ሙሉ ድምፅ ቤንድ በማድረግ ብቻ ስለሆነ፣ እሱን የታችኛው ጥርስ እስኪለመድ አቆዩት።

ማጣበቂያ የግድ ካስፈለገ የላይኛው ላይ ሦስት ቦታ ነጠብ ነጠብ፣ እያንዳንዷ ከሽምብራ ያነሰች፣ ጥርሱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ። የሚተርፈው ወጥቶ ሪዶቹ ላይ፣ ማለትም ድምፅ የሚሰጡት ስስ የብረት ምላሶች ላይ፣ ይደርቃል፣ ድምፅም ይታፈናል። ሱፐር ግሉ ግን በጭራሽ! የተሰበረ ጥርስ በሱ የሚያጣብቅ ሰው ስላለ ነው የምንለው።

የድሬ ሙቀት ራሱ አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ ከሌለ ጥርሱ አይይዝም። ጫት ሲጨመርበት ይብሳል፣ የቅጠሉ ፍርፋሪ ደግሞ ከጥርሱ ሥር ገብቶ ቆይቶ በነፋችሁ ቁጥር ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በርጫ ላይ ሃርሞኒካ የምታወጡ ወንድሞች፣ ቢያንስ ጥርሱን አውጥታችሁ እጠቡት፣ ተጉመጥመጡ፣ ውኃ ጠጡ። ሻይ በስኳር ጠጥቶ ወዲያው መንፋትም ሪድ ያጣብቃል። ነፍታችሁ ስትጨርሱ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፍ ላይ መታ መታ አድርጉት። ጥርሱን ማታ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ የፈላ ውኃ ቅርጹን ያጣምመዋል።

ጥርስ በቅርቡ ያስነቀላችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ አጥንቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚሟሽሽ ደህና የገጠመውም ይላላል። ያኔ የባለሙያው ጥፋት አይደለም፤ ውስጡን እንደገና ማስሞላት ነው። ይህ ወንድማችን ያንንም ገና በልኬቱ ቀን ይናገራል፣ ቆይቶ አያስደነግጥም። ለዚህ ነው ሂዱ ሂዱ የምንለው።

ከሐረርም የምትመጡ ሂዱ፣ ግን ጠዋት ድረሱ፤ ከሰዓት ወረፋው ይበዛል። ሃርሞኒካችሁንና አሮጌውን ጥርስ ያዙ። አሮጌውን ደግሞ ቤት ውስጥ በሞረድም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፤ የቱ ጋ እንደሚጫን የሚያነበው ከጠርዙ ነው።