በተቀራራቢ ዋጋ ሰፊ ማሽን ወይስ ጠንካራ ማሽን? ለእንጨት ሥራ ሲኤንሲ ራውተር ለሚገዙ

በእንጨት ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ በቺንጋ የሚሳብ ሰፊ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየተመራ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን) እና በቦል ስክሩ (ዳዶው በኳሶች ላይ እየተንከባለለ በሚሄድበት ቪቴ) የሚሄድ ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር በተቀራራቢ ዋጋ ሲቀርቡ የትኛው እንደሚሻል ነው። እኔ ያለማመንታት ትንሹን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም በአብዛኛው የገንዘብ ነው።

የቺንጋው ማሽን ገዢን የሚያጓጓው በስፋቱ ነው። ነገር ግን የሚንሸራተተው በፕላስቲክ ጎማዎች ላይ ስለሆነ የእንጨት ብናኝ በጎማውና በአሉሚኒየሙ መካከል እየተጠቀጠቀ ይጋገራል፤ ጎማው ሲበላ ማሽኑ መላወስ ይጀምራል፤ ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳም ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ቺንጋው ደግሞ ጠንካራ እንጨት ሲገጥመው ስለሚለጠጥ ባለቤቱ ጉዞውን ለማዘግየት ይገደዳል። ትልቁ ኪሳራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለ 2 ስለት ፑንታ (እየዞረ የሚቆርጠው ጫፍ) በደቂቃ 18,000 ጊዜ እየዞረ በየስለቱ 0.1 ሚሊሜትር ፍቅፋቂ እንዲያነሳ ከተፈለገ በደቂቃ 3,600 ሚሊሜትር መጓዝ አለበት፤ ዙሩ ሳይቀነስ ጉዞው ብቻ ወደ 900 ሲወርድ ስለቱ በመቁረጥ ፋንታ እንጨቱን ያሻል፣ ይግላል፣ ጠርዙን ያጠቁራል፣ ፈጥኖም ይደነዝዛል። በማሽኑ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ለፑንታ እየተከፈለ ያልቃል።

ከእነዚህ ማሽኖች ጋር ፑንታውን እንዲያዞር ብዙ ጊዜ የሚገጠመው የእጅ ራውተርም ካርቦኑ (የሞተሩ ብሩሽ) እያለቀ የሚቀየር እንጂ ለረጅም ሰዓት ሥራ የታሰበ አይደለም። በውሃ በሚቀዘቅዝ ባለ 2.2 ኪሎዋት ስፒንድል (ፑንታውን የሚያዞር ሞተር) ልተካው የሚል ሰው የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተርና የውሃ ፓምፕ መግዛቱ ሳያንስ፣ ክብደቱን የሚሸከም አዲስ የዜድ ክፍል (ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው) ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ሲደመር ወጪው ከባለ ቦል ስክሩው ማሽን ዋጋ ያልፋል።

ባለ ቦል ስክሩውም ቢሆን ከማጭበርበር የጸዳ አይደለም። ተራ ቪቴ ከነሐስ ዳዶ ጋር ገጥመው ቦል ስክሩ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። የቦል ስክሩ ቦይ ኳሶቹ እንዲንከባለሉበት ጎድጎድ ያለና ክብነት ያለው ሲሆን፣ የተራው ቪቴ ጥርስ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በዓይን ይለያል። የታወቀ ስም የታተመባቸው አስመሳይ ሀዲዶችም (የማሽኑ ክፍሎች የሚንሸራተቱባቸው ብረቶች) ሞልተዋል፤ በሀዲዱ ላይ ያለውን ተንሸራታች በእጅ ቀስ ብሎ መግፋት፣ ወደ ጎንም ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ ወይም ከላላ ማኅተሙ ምንም ይበል አይገዛም። ርካሽ ኮሌትም (ፑንታውን ጨብጦ የሚይዘው) ፑንታውን ስለሚያወዛውዝ ሥራው ሁሉ በአንዱ ስለት ላይ ይወድቃል።

ሥራው ለስላሳ እንጨት ላይ ጽሑፍና ጌጥ መቅረጽ ብቻ ከሆነ የቺንጋው ይበቃል፤ ልኩ መጠበቅ ላለበት የወንበርና የበር መገጣጠሚያ ግን አልመክረውም። የትንሹ ማሽን ጥበት የሚያሳስበው ሰው ረጅሙን ጣውላ እያስጠጋ ከፋፍሎ መሥራት ይችላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ በጥንቃቄ ከተያዘ ልኩ አይዛነፍም። ከመክፈል በፊት ቦል ስክሩው እንደ 1605 (ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚጓዝ)፣ ሀዲዱም እንደ ባለ 20 ሚሊሜትሩ በየቦታው በሚገኝ ልክ የተሠሩ መሆናቸውን፣ መቆጣጠሪያውም እንደ ጂአርቢኤል (GRBL) ባለ፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት በሚችል ክፍት ሶፍትዌር የሚሠራ መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ ከአንድ ሻጭ በስተቀር የማይገኝ ቦርድ ከተቃጠለ የተጠየቀውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ አይኖርም።