ፊደሉ የለቀቀው ሰንጢዬ፦ ከአሥራ አንድ ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ተጣጣፊ ሰንጢ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ጎንደር ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ በ1,800 ብር ገዛሁት። ስለቱ ከማይዝግ ብረት የተሠራና ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ በግራ ጎኑ የአምራቹ ስም፣ ከሥሩም የብረቱ ዓይነት በጠቆሩ ፊደላት ተጽፎበት ነበር። ዛሬ ከስሙ ስድስት ፊደላት የሚነበቡት ለማጠፊያው የቀረቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የብረቱ ዓይነት ደግሞ ወደ ብርሃን አዘንብለው ካላዩት በቀር ከነጭራሹ ጠፍቷል።

የምሠራው አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ስለሆነ ሰንጢው ቀኑን ሙሉ ከእጄ አይለይም። ሲባጎ እቆርጥበታለሁ፣ የችግኝ ፕላስቲክ እቀድበታለሁ፣ የጌሾና የሎሚ ቅርንጫፍ እገርዝበታለሁ፤ በምሳ ሰዓትም ሎሚ የምሰነጥቀው በእርሱ ነው። በመቁረጥ ረገድ ቅር አላሰኘኝም። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ በድንጋይ ከሳልሁት ይበቃዋል፤ መቆለፊያውም እስካሁን አልላላም። ማጠፊያው አሸዋ ሲገባበት ይከብዳል፣ ነገር ግን ታጥቦ አንድ ጠብታ ዘይት ሲያገኝ ይስተካከላል።

ባለፈው ሰኔ አራዳ ገበያ ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤቴ ሰንጢውን አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ተሸውደዋል፤ ኦርጅናል ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ አይለቅም ነበር» አለኝ። በገበያው የተለመደ ፍርድ ነው፤ ፊደል የለቀቀ ሁሉ ፎርጅድ ይባላል፣ ዋጋውም ወዲያው ይወርዳል። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ጽሑፉ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው የብረቱ ጥራት ሳይሆን የተጻፈበት መንገድ ነው።

ብረቱ ገና እሳት ገብቶ ሳይጠነክር በማኅተም ተመትቶ የሚገባ ምልክት ጉድጓድ ስላለው በቀላሉ አይጠፋም። የፈረንሳዩ ሰንጢ አምራች ኦፒኔል ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅበት የዘውድ የደፋ እጅ ምልክት በስለቱ ላይ የሚቀመጠው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጨው ያለበት ፈሳሽና ኤሌክትሪክን በአንድነት መጠቀም ሲሆን፣ እንደ ኤሌክትሪኩ ዓይነት ብረቱን ቆፍሮ ሊያወጣው ወይም ገጹን አጥቁሮት ብቻ ሊቀር ይችላል። ሌዘርም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ይቆፍራል፣ አንዳንዱ ግን በሙቀት ገጹ ላይ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የኦክሳይድ ሽፋን ብቻ ፈጥሮ ያልፋል። የእኔ ሰንጢ ጽሑፍ ከእነዚህ ገጽን ብቻ ከሚያጠቁሩት ወገን መሆኑን ያወቅሁት በጥፍሬ ስዳስሰው ምንም ጎድጓዳ ነገር ስላልተሰማኝ ነው። በአንጻሩ እጀታው አፍ ላይ፣ በወፍራሙ የስለቱ ክፍል፣ ተመትቶ የገባው ትንሽ ቁጥር ዛሬም ጥፍር ይይዛል።

ፊደላቱን ማን እንዳጠፋቸው ለማወቅ የአጠፋፋቸው ቅደም ተከተል ረድቶኛል። መጀመሪያ የደበዘዘው ወደ ጫፉ ያለው ፊደል ነበር። ሙጫና ጭቃ ሲጣበቅበት በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በአመድ የመፈተግ ልማድ ነበረኝ፤ እጄም ሁልጊዜ ከእጀታው ተነሥቶ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ማጠፊያው አጠገብ ግን እጀታው ጣቴን ስለሚከለክለው ሽቦው በደንብ አይደርስም፤ የቀሩት ሁለት ፊደላትም በትክክል እዚያው ናቸው። ስስልም ስለቱን ከመጠን በላይ አስተኝቼ ስለምይዘው ድንጋዩ ጎኑን ይነካዋል። ሎሚውም ሳይታጠብ በስለቱ ላይ ሲያድር የበኩሉን አድርጓል፤ አሲዱ ኦክሳይድን ያሟሟልና። ስለዚህ ከጥፋቱ አብዛኛው የእኔ ነው።

ሆኖም አምራቹን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላደርገውም። ስሙ ቢጠፋ ለእኔ ምንም አይደለም፤ ቀጥቃጭ የሠራው የአባቴ ካራ አንድም ፊደል የለበትም፣ በቤታችን ግን የማያውቀው የለም። የብረቱ ዓይነት ግን ባለቤቱ ከዓመታት በኋላም የሚፈልገው መረጃ ስለሆነ፣ ያንን ትንሽ ቁጥር መምታት የቻለ ፋብሪካ ይህንንም አጠገቡ ሊመታው ይችል ነበር። ተመሳሳይ ሰንጢ የሚገዛ ሰው ጽሑፉን ሱቁ ውስጥ እንዳለ በጥፍሩ ይዳስሰው፤ ለስላሳ ከሆነ በገዛበት ቀን ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጠው።

ከሐምሌ ወዲህ ሽቦውን ትቼ ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በጨርቅ ብቻ አጸዳዋለሁ፤ ሎሚ የነካው ቀን ደግሞ ሳላጥብ ወደ ኪሴ አልመልሰውም። በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱ ፊደላት ከነበሩበት አልደበዘዙም።