ለቅዳሜ ማታ የትኛው ይሻላል? «ቢፎር አይ ጎ ቱ ስሊፕ» ወይስ «ሜሜንቶ»

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ባለትዳሮች፣ ትውስታ ስለማጣት የሚተርኩ ሁለት ፊልሞች አሉ፤ አንዱ የ2014፣ ሌላው የ2000 እ.ኤ.አ.።

በ«ቢፎር አይ ጎ ቱ ስሊፕ» ኒኮል ኪድማን በየማለዳው ስትነቃ አጠገቧ የተኛውን ሰው አታውቀውም። ባልሽ ነኝ ይላታል፤ ኮሊን ፈርዝ ነው። ያለፈ ሕይወቷን የምትሰማው ከእሱ አፍ ነው። ሐኪም ሲመጣና እሷም የቀን ውሎዋን ከባሏ ደብቃ በካሜራ መቅዳት ስትጀምር ግን የሰውየው ደግነት ራሱ ያስፈራል። እያንዳንዱን ፈገግታ ሁለት ጊዜ ታያላችሁ።

በ«ሜሜንቶ» ደግሞ ጋይ ፒርስ አዲስ ነገር ከደቂቃዎች በላይ አይቆይለትም። ሚስቴን ገደለ የሚለውን ሰው የሚያሳድደው በፎቶና ገላው ላይ በተነቀሰ ጽሑፍ ነው። ባለቀለሙ ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ጥቁርና ነጩ በተለመደው መንገድ ይሄዳል። በአሠራር ይሄ ይበልጣል፣ አልከራከርም። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግን (እኛ ሰፈር ማን ዋስ ይሆናል?) ክሩን መልሶ ማግኘት ዘበት ነው።

ጉዳዩ ትዳር ከሆነ እኔ የኪድማንን እመርጣለሁ። መጨረሻው ቸኩሏል፤ ቢሆንም ከፊልሙ በኋላ «አንተ ብትሆን እውነቱን ትነግረኝ ነበር?» መባሉ አይቀርም።