የእናቴ እግርና የጅማው ፊዚዮቴራፒ

እናቴ ስኳር ካለባት 14 ዓመት ሆኗታል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እግሯን ያቃጥላታል፣ ቀን ደግሞ ይደነዝዛታል። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ሳይታወቃት ከበር እስከ መንገድ ሄደች። መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ ምንም ሳይመረምሩ «ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት» አሏት። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ሙቀት የማይሰማው እግር እኮ ሳይታወቅ ይቃጠላል!

አሁን ጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ ወዳለች ትንሽ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ በሳምንት ሁለቴ እንሄዳለን። ባለሙያዋ እጇን ከማሳረፏ በፊት የእናቴ እግር ጣቶች መሃል ቁስል መኖር አለመኖሩን አየች። ከዚያ «እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ሲሰማዎት ይንገሩኝ» ብላ የእግር ስሜት በሚፈተሽበት፣ በ10 ግራም ግፊት በሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር እግሯን እየነካካች ፈተሸቻት። አውራ ጣቷ ሲነካ እናቴ ዝም አለች። አንጀቴ ተላወሰ።

ሕክምናው በእጅ ነው። ስኳር መገጣጠሚያንም ግትር ስለሚያደርግ ቁርጭምጭሚቷንና ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ታንቀሳቅስላታለች፣ ከዚያ ወንበር አስይዛ በአንድ እግር ታስቆማታለች። የወደድኩላት ግን የተጎዳ ነርቭ በማሸት ብቻ እንደማይድን፣ ስኳሯ ካልተስተካከለ የእሷ ሥራ ብቻውን ለውጥ እንደማያመጣ በግልጽ መናገሯን ነው። ማቃጠሉ አልጠፋም። ቢሆንም እናቴ አሁን ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ አትይዝም፣ ከባጃጅም ያለ ደጋፊ ትወርዳለች።

ወረፋው ያሰለቻል፣ በጠዋት ሂዱ። የስኳር ልኬታችሁን የጻፋችሁበትን ደብተር አትርሱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።