ሁሉንም ይከፍታል የተባለው የፊልትሮ ቁልፍ፦ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

«ጋሼ፣ ይህ ቁልፍ የማይከፍተው ፊልትሮ የለም» ብሎ ነበር ሶማሌ ተራ ላይ የሸጠልኝ ልጅ። ፊልትሮ የሞተሩን ዘይት የሚያጣራው ነው፤ መፍቻ ቁልፉ ደግሞ ባለ ሦስት ጥፍር ነው፤ ሲጠመዝዙት ጥፍሮቹ እየጠበቡ ይነክሳሉ። ሁለት ጊዜ ያለ ችግር ሠራ። ሦስተኛውን ልንገራችሁ።

መኪናዬ 1.8 ሊትር ሞተር ያላት ኮሮላ ናት። ዘይቷን ራሴ መቀየር የጀመርኩት በንዴት ነው። የዘይት መሙያ ክዳኗ ላይ የቀጭን ዘይት ልክ የሆነው 0ደብልዩ-20 ተጽፎ ሳለ፣ አንድ ጋራዥ «ወፍራም ይሻላታል» ብሎ 20ደብልዩ-50 ሞላባት። በክረምት ጠዋት ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለሚነሣ ሞተር ቀጭን ዘይት ቶሎ እንደሚደርስለት ላስረዳ ብሞክር «ስንት ዓመት ሠርተንበታል» ተባልኩ። ክሪክ፣ የብረት መደገፊያ፣ ሳፋና ይህን ቁልፍ ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በቆርቆሮ የታሸገ ፊልትሮ ቢጨማደድ ማን ግድ አለው? አብሮ ይጣላል። የእኔዋ ግን የወረቀት ፊልትሮ ናት ያላት፤ ወረቀቱ ይቀየራል፣ የፕላስቲክ ክዳኑ ተመልሶ ይገጠማል። ክዳኑ ዙሪያውን 14 ጠርዝ አለው። ልኩ 64 ሚሊሜትር የሆነው ኩባያ መሰል ቁልፍ ሁሉንም እኩል ያቅፋቸዋል። ባለ ጥፍሩ የሚይዘው በሦስት ቦታ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ታፖ (መድፈኛ ብሎን) ፈትቼ ዘይቱን በሙሉ ካፈሰስኩ በኋላ ነው ክዳኑ አልፈታም ያለው። ጨመርኩ። ቀጭ ሲል ደስ አለኝ። በስልኬ መብራት ሳየው ሦስቱ ጠርዞች እንደ ሸንኮራ ተልጠዋል። ከተላጠው አጠገብ ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ 25 ኒውተን ሜትር ይላል። የሚጠብቅበት ልክ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እዚያው ተጽፎ፣ እኔ «እንዳያንጠባጥብ» እያልኩ በሙሉ ጉልበቴ ሳጠብቅ ከርሜያለሁ። ያለፈውን ጊዜ ደግሞ የጎማ ቀለበቱን ዘይት ሳልቀባ በደረቁ ነበር የገጠምኩት።

እሺ፣ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። ልጁን ግን አልምረውም። የመኪናዬ ክዳን ፕላስቲክ መሆኑን ነግሬው «ፕላስቲክም ብረትም ያው ነው» ብሎኛል። ያው ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ይህ ምንድን ነው?

ከመኪናዋ ሥር ስወጣ ጎረቤቴ ቆሞ ያየኛል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎችን ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ከገዙት አንዱ ነው። «ዘይት ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎኝ አለፈ።

ሰኞ ሜክሲኮ ላይ ለታክሲ ተሰለፍኩ። ማታ 64ቱን ገዝቼ በቀሩት ጠርዞች ላይ አጠለቅኩት፤ እጀታውን በመዳፌ አንዴ መታ ሳደርገው ተፈታ። አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቀለበት፣ 4.2 ሊትር ዘይት። ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ተውሼ 25 ላይ ሲደርስ አላመንኩም፤ እኔ ከማጠብቀው ግማሹን አይሆንም።

የፕላስቲክ ክዳን ያለው መኪና ካላችሁ ባለ ጥፍሩን አትግዙ። የእኔው አሁን ወጥ ቤት ነው። ትናንት እምቢ ያለ የማር ጠርሙስ ከፍቶልናል፤ ክዳኑ ግን ተመልሶ አልገጥምም ብሏል።