ኮፒ ከማድረጓ በፊት የምታነበው የባሕር ዳሯ ልጅ

ይህን ምስጋና እንድጽፍ ቃል የገባሁት ገና ባሕር ዳር እያለሁ ነው። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ውጭው ይዘንባል፣ ምክንያት አጣሁ።

ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች። "የፎቶ ኮፒዋ ልጅ" እላታለሁ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ጠባብ ሱቅ አለቻት። አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። በቃ።

ጀርመን ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። እናቴ እርጅና ተጫጭኗታል። በየወሩ የምልክላት ገንዘብ በሰው በሰው እየዞረ ነበር የሚደርሳት። ይህን መልክ ላስይዝ፣ የድሮ የባንክ ሂሳቤን ላንቀሳቅስ፣ ለታናሽ እህቴም ውክልና ልስጥ ብዬ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ለወረቀቱ ሁለት ቀን ይበቃል አልኩ። በቀረው ዘጌ እሻገራለሁ፣ አሳ እበላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን የቁጠባ ደብተሬን ይዤ ባንክ ገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ደብተሩን አየ፣ ፓስፖርቴን አየ፣ እኔን አየ።

"ጋሼ፣ ይሄ ደብተር የእርስዎ ነው?"

የማን ሊሆን ነው! ግን አልፈረድኩበትም። ደብተሩ ላይ ስሜ እስከ አያቴ ተጽፏል። የአባቴ ስም "ገብረ" የሚለው ለብቻው፣ ቀጣዩ ለብቻው ነው። የጀርመን ፓስፖርቴ ላይ ግን የአባቴ ስም አንድ ቃል ሆኖ የቤተሰብ ስም ተብሏል። አያቴ የሉም። ፍራንክፈርት ላይ ወርደው ቀርተዋል። በዚያ ላይ ሂሳቡ ለዓመታት ስላልተንቀሳቀሰ ተኝቷል፤ የሚነሳው በማመልከቻ ነው። "ሁሉንም ኮፒ አድርገው ይምጡ" ተባልኩ።

ወደ ሱቋ የገባሁት እንግዲህ ለኮፒ ብቻ ነው። ወረቀቶቼን ሰጠኋት። ማሽኑ ላይ መጫን ትታ ማንበብ ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ሰው ወረቀቴን ሲያነብብኝ አልወድም።

"ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲሁ ይዘውት ቢሄዱ ይመልሱዎታል" አለችኝ። "የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎ አለ?"

አለ። ዜግነት ስቀይር ተሰርዞ የተመለሰልኝ፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ። በባጃጅ ሄጄ አመጣሁት። ስሜ እስከ አያቴ አለበት፣ የትውልድ ቦታዬ አለበት፣ ፎቶም አለበት (ያኔ ፀጉር ነበረኝ)። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማመልከቻ ጻፈችልኝ። የድሮውን ፓስፖርት፣ አዲሱንና ቢጫ ካርዴን ከፊትም ከኋላም ኮፒ አድርጋ አያያዘችው። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ መግቢያ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆናችንን የሚያስረዳ መታወቂያ ስለሆነ ባንክም ይጠይቃል። ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።

ከዚያ ደግሞ የልደት ቀን መጣ። ደብተሩን ስከፍት የሞላሁት ቅጽ ላይ ኅዳር 12 ቀን 1967 ይላል። ፓስፖርቴ 1974 ይላል። ስንት ሰው እዚህ ላይ 8 ደምሮ 1975 እያለ እንደሚሳሳት ነገረችኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በጣቷ ቆጥራ "ልክ ነው፣ ኖቬምበር 21" አለች። እኔ ይህን ለማወቅ ስልኬን እየፈለግሁ ነበር።

ያዳነችኝ ግን ውክልናው ላይ ነው። ከመምጣቴ በፊት ለእህቴ ብዬ ቆንስላ ሄጄ ማኅተም ያስረገጥኩበት ውክልና ነበረኝ። ጽሑፉን ከጓደኛዬ ነው የገለበጥኩት። እሷ አነበበችው፣ ዝም አለች፣ ደግማ አነበበችው።

"ቤቱንም እህትዎ እንድትሸጥ ነው?"

"የምን ቤት?"

"እዚህ ጋ 'ቤቴን ለመሸጥ ለመለወጥ' ይላል።"

ወይ ጉድ! እናቴ የምትኖርበት ቤት በእኔ ስም ነው። እህቴን እንደ ራሴ አምናታለሁ፤ ግን ሳላነብ ፈርሜ ቤት የሚያሸጥ ወረቀት ይዤ አገር አቋርጬ መጥቻለሁ። ጭራሽ የሚያስቀው፣ ዋናው ጉዳይ የሆነው ባንክ አንድም ቦታ ላይ በስሙ አልተጠቀሰም። "በማንኛውም ጉዳይ" ይላል እንጂ ሂሳብ ማንቀሳቀስ፣ ገንዘብ ማውጣት የሚል የለውም። እሷ እንዳለችው ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ተለይቶ መጻፍ አለበት። በኋላ ሳየው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሌላም አየች። የቆንስላው ማኅተም አለ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን የለም። ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሄዶ መረጋገጥ አለበት። እኔ አዲስ አበባ አውሮፕላን ብቻ ቀይሬ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ነው የመጣሁት። ተመልሼ አዲስ አበባ ልበር ወይ ብዬ ሳስብ፣

"ጋሼ፣ እርስዎ በአካል እዚህ አሉ። የድሮውን ወረቀት ማሯሯጥ ምን ያደርግልዎታል? አዲስ እዚሁ ይስጡ" አለች።

አፈርኩ። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር። አዲሱን ጻፈችው። ሂሳብ ማንቀሳቀስ፣ ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት፣ የኤቲኤም ካርድ መረከብ፣ የሂሳብ መግለጫ መውሰድ፤ እያንዳንዱ ተዘርዝሮ። መሸጥ የለ፣ መለወጥ የለ። የድሮው ውክልና መሻሩንም አስገባችበት። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ልታትም ስትል መብራት ጠፋ። "አሳ በልተው ይምጡ" አለችኝ። ጣና ዳር ወርጄ የተጠበሰ ቆሮሶ በላሁ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ እየቀዘፈ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አየሁ። የዚያ ጉዞዬ ምርጥ ሰዓት ነበር፣ መብራት ኃይል ሳያውቅ የጋበዘኝ።

በማግስቱ ሰነድ ማረጋገጫ ከእህቴ ጋር ሄደን ጨረስን። ባንኩም ወረቀቶቹን ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበለ። መስኮት ላይ ያለውን ያንንም ልጅ ላመስግን። የዲያስፖራ ሂሳብ በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ መክፈት እንደምችል፣ ለእናቴ ወጪ ደግሞ የብር ሂሳብ እንደሚሻል በትዕግሥት አስረዳኝ። ጀርመን ስመለስ የጠቀመኝን ሌላም ነገር ነገረኝ። የኢትዮጵያ ባንኮች አይባን (የአውሮፓ ባንኮች የሚጠቀሙበት ረጅም ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር) የላቸውም። የአውሮፓ ባንካችሁ ቅጽ አይባን ሲል የሂሳብ ቁጥሩንና የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ የሆነውን ስዊፍት ኮድ ነው የምትሰጡት። የማስተላለፊያ ወጪውን ማን ይሸፍን ሲላችሁ ደግሞ "ላኪው" በሉ። ካልሆነ መሃል ላይ ያሉት ባንኮች እየቆረሱ ያስተላልፉታል፤ እናታችሁም ጎደለ ብላ ትደውላለች።

የምንዛሬውን ነገር ታውቁታላችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ባንኮች ዋጋውን እያንዳንዳቸው ነው የሚያወጡት። ከመላካችሁ በፊት የሁለት ሦስቱን አወዳድሩ። መንገድ ላይ "ዶላር አለ?" የሚላችሁን አትስሙት፣ ሕገወጥ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያስከፈለችኝ የጽሑፍና የኮፒ ብቻ ነው። ማንበቧን አልቆጠረችም። ጨምሬ ብሰጣት መለሰችልኝ። ደጋግሜ ስለምናት ቡና ጠጣን፣ እሱንም ራሷ ልትከፍል ታገለች።

እንከን የላትም አልልም። ማሽኗ አንድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያሳትሙበት ሰሞን ከሄዳችሁ ሰልፉ በር ላይ ይደርሳል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አትከፍትም። ወሬም ትወዳለች። ጠበቃም አይደለችም፣ ራሷ ትናገራለች። የርስት ክርክር ወይም የቤት ሽያጭ ያለበት ሰው ሲመጣ "ይሄ የጠበቃ ነው" ብላ ትመልሳለች። እኔ ፊት አንድ ሰውዬ እንዲህ መልሳለች፤ ገንዘቡን ሳትቀበል።

ስትሄዱ ዋናውን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ የድሮ ፓስፖርት ካላችሁም አትጣሉት። የሱቁን ቦታ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ምን ልላክልሽ ብያት "ምንም" ብላኝ ነበር። በኋላ እህቴ ስትጠይቃት ቶነር፣ የማሽኑ ቀለም፣ እንደተወደደባት አወራች። የማሽኗ ሞዴል እኔ ጋ አለ። በቅርቡ ወደ ባሕር ዳር የሚበር፣ ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ ያለው ሰው ካለ፣ ቶነሩን እኔ ገዝቼ አደርሳለሁ።